እብደት፣ ወንጀልና ፍርድ፦ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የአእምሮ ሕሙማን ታሪክ ለቤተሰቦቻችን የሚሆን ትምህርት

ቢስሚላሂ ራህማኒ ራሂም

ባለፉት ወራት ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር በሽታና ስለ ሕፃናት ምግብ ስንነጋገር ቆይተናል። በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ ግን ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ ስለ አእምሮ ሕመም፣ ስለ ወንጀልና ስለ ፍርድ ነው። «ይህ የጠበቃና የዳኛ ጉዳይ እንጂ የጤና ዓምድ ጉዳይ ነው ወይ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት ግን ጉዳዩ የእናትና የአባት፣ የወንድምና የእህት፣ የጎረቤትና የጀመዓ ጉዳይ መሆኑን ትረዳላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ኢንሻአላህ።

ለመሆኑ አንድ አእምሮው የታመመ ሰው የሌላ ሰው ነፍስ ቢያጠፋ ፍርዱ ምንድን ነው? የሟች ቤተሰብ «የወገናችን ደም ፈሷል» ይላል፤ እውነቱን ነው። የገዳይ ቤተሰብ «ልጃችን ታሞ እንጂ ጨካኝ ሆኖ አይደለም» ይላል፤ እርሱም እውነቱን ሊሆን ይችላል። በእነዚህ በሁለቱ እውነቶች መካከል እንዴት ይፈረዳል? የአውሮፓ ፍርድ ቤቶች ይህን ጥያቄ ለመመለስ እጅግ የተጨነቁት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ወደዚያ ታሪክ ከመግባታችን በፊት ግን ዲናችን ያስቀመጠውን መሠረት በአጭሩ እናስታውስ።

ብዕሩ ከሦስት ሰዎች ተነስቷል

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ብዕር ከሦስት ሰዎች ላይ የተነሳ መሆኑን አስተምረውናል፤ ከተኛ ሰው እስኪነቃ፣ ከሕፃን ልጅ እስኪጎለምስ፣ አእምሮውን ካጣ ሰው ደግሞ ልቡ እስኪመለስ። ሐዲሱን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። የብዕሩ መነሳት ማለት ኃጢአት አይጻፍበትም ማለት ነው። ለቅጣት የሚያበቃው ዐቅል ነውና ዐቅሉ የሌለ ሰው እንደ ጤነኛ ሰው አይጠየቅም።

ይህ ትምህርት በቃል ብቻ የቀረ አልነበረም። ማዒዝ የተባለው ሶሐባ ራሱ መጥቶ ዝሙት መፈጸሙን ሲናዘዝ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጀመሪያ የጠየቁት እብደት እንዳለበት ነበር፤ ወገኖቹንም ስለ አእምሮው ጤንነት አስጠይቀዋል። በሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) የኸሊፋነት ዘመን ደግሞ አንዲት አእምሮዋ የታወከ ሴት በዝሙት ተከሳ ቀረበች፤ ቅጣቱም እንዲፈጸምባት ታዘዘ። ሰይዲና ዐሊይ (ረ.ዐ) ሲወስዷት አገኙና እንድትመለስ አደረጉ፤ ወደ ሰይዲና ዑመርም ሄደው ብዕሩ ከሦስት ሰዎች መነሳቱን አስታወሷቸው። ሰይዲና ዑመርም እውነቱን ተቀብለው ሴትየዋ ተለቀቀች፤ «አላሁ አክበር» እያሉም አላህን አላቁ።

የፊቅህ ሊቃውንትም ጉዳዩን በዝርዝር አይተውታል። የማይለቅ እብደትንና የሚመጣና የሚሄድ እብደትን ለይተዋል፤ የሚመጣና የሚሄደው ከሆነ በጤናው ሰዓት ለሠራው ይጠየቃል፤ በሕመሙ ሰዓት ለሠራው ግን አይጠየቅም። አእምሮውን ያጣ ሰው ነፍስ ቢያጠፋ ቂሳስ የለበትም። የሟች ደም ግን እንዲሁ ከንቱ አይቀርም፤ በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ ድርጊቱ እንደ ስህተት ግድያ ተቆጥሮ ዲያው በዘመዶቹ ላይ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ጥበብ አለ። ታማሚው ከቅጣት ይድናል፤ የሟች ቤተሰብም ይካሳል፤ ዘመድ ደግሞ የታመመ ሰው ያለበት መሆኑን አውቆ አስቀድሞ እንዲጠብቀው ኃላፊነት ይሰማዋል።

የለንደኑ ተኩስ

አሁን ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1800 ጄምስ ሃድፊልድ የተባለ የቀድሞ ወታደር ለንደን በሚገኝ ድሩሪ ሌን በተባለ ቲያትር ቤት ውስጥ በንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ላይ ተኮሰ፤ ሳተውም። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1794 በጦር ሜዳ ጭንቅላቱን በጎራዴ ክፉኛ ተመትቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓለምን ለማዳን በመንግሥት እጅ መሞት እንዳለበት በጽኑ ያምን ጀመር፤ የተኮሰውም ሊገደል ፈልጎ ነው። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች አንድን ሰው «እብድ ነው» ብለው ነፃ የሚያወጡት ከአውሬ ያልተሻለ፣ ምንም የማያስብና የማያስታውስ ሲሆን ብቻ ነበር። ሃድፊልድ ግን ቀኑን መርጦ፣ ሽጉጥ ገዝቶ፣ ቦታ ይዞ ነው የተኮሰው። ጠበቃው ቶማስ ኧርስኪን ግን አንድ ሰው እያሰበና እያቀደም ቢሆን ሐሳቡ ራሱ በሕመም ከተመረዘ ታማሚ መሆኑን አስረዳ። ሃድፊልድ ከሞት ዳነ፤ በዚያው ዓመትም እንዲህ ያሉ ሕሙማን ወደ ቤታቸው ሳይለቀቁ ተጠብቀው እንዲቀመጡ የሚያዝ ሕግ ወጣ።

ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ጉዳይ ግን ከ43 ዓመት በኋላ የተፈጸመው ነው። ዳንኤል ምክናተን በግላስጎው ከተማ የሚኖር የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነበር። ይህ ሰው በዘመኑ ሥልጣን ላይ የነበረው ቶሪ የተባለው ፓርቲ ሰዎች ቀንና ሌሊት እንደሚከታተሉት፣ እንቅልፍ እንደነሱትና ሊያጠፉት እንደሚፈልጉ ያምን ነበር። ለማምለጥ ብሎ እስከ ፈረንሳይ ድረስ ሄዷል፤ እዚያም የተከተሉት መሰለው። ለአባቱ ነገረ። ለከተማዋ የፖሊስ ኃላፊ ነገረ። ለአንድ የፓርላማ አባልም አቤት አለ። ሁሉም ነገሩ እውነት እንዳልሆነ ተረዱ፤ ሁሉም ሸኙት።

እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 1843 ምክናተን ለንደን ውስጥ ኤድዋርድ ድራመንድ የተባለውን የጠቅላይ ሚኒስትሩን የሰር ሮበርት ፒልን ጸሐፊ ከጀርባው ተኮሰበት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሱ መስሎት እንደሆነ ይታመናል። ሁለተኛውን ሽጉጥ ሊያወጣ ሲል ፖሊስ ያዘው። ድራመንድ ከ5 ቀን በኋላ ሞተ። በመጋቢት ወር በተደረገው ችሎት ሐኪሞች ተራ በተራ ቀርበው ሰውየው በጽኑ ሕመም ውስጥ እንዳለ መሰከሩ፤ ከሳሽ በኩል ይህን የሚያስተባብል ሐኪም አልቀረበም። የሕዝብ ዳኞችም በአእምሮ ሕመም ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም ብለው ወሰኑ። ምክናተን ቤትለም ወደተባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተወሰደ፤ በኋላም ብሮድሙር ወደሚባለው አዲስ ተቋም ተዛውሮ እ.ኤ.አ. በ1865 እዚያው ሞተ። ከተኮሰበት ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ነፃ ሰው ሆኖ አልዋለም።

ሕዝቡ ግን ተቆጣ። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ያህል የመግደል ሙከራ የተደረገባት ንግሥት ቪክቶሪያም ፍርዱን አልወደደችውም። የእንግሊዝ የላይኛው ምክር ቤት ዳኞቹን ሰብስቦ መመዘኛው ምን መሆን እንዳለበት ጠየቃቸው። በሰኔ 1843 የሰጡት መልስ «የምክናተን መመዘኛ» ይባላል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ማንኛውም ሰው ጤነኛ እንደሆነ ይገመታል፤ ከቅጣት የሚድነው ድርጊቱን በፈጸመበት ሰዓት በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚያደርገውን ነገር ምንነት ካላወቀ፣ ወይም ቢያውቅ እንኳ ድርጊቱ ክፉ መሆኑን ካላወቀ ነው። ይህ መመዘኛ እስከ ዛሬ ድረስ በእንግሊዝና በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ይሠራበታል።

የፈረንሳይ ሕግ ደግሞ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1810 ባወጣው የወንጀል ሕግ፣ አድራጊው በድርጊቱ ሰዓት አእምሮውን ስቶ ከነበረ ወንጀል የለም ብሎ ደንግጎ ነበር።

በእኛ አገርስ? የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቅ በስዊዘርላንዳዊው የሕግ ምሁር በዣን ግራቨን የተዘጋጀ ስለሆነ መንገዱ ከእንግሊዙ ይለያል። አሁን የምንሠራበት የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 48 የሚጠይቀው «ያውቅ ነበር ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ቢያውቅስ ራሱን መቆጣጠር ይችል ነበር ወይ?» ብሎ ጭምር ነው። አንቀጽ 49 በከፊል ኃላፊ ስለሚሆን ሰው ይናገራል። ዳኛው ሲጠራጠር ደግሞ የሐኪም ምርመራ እንዲደረግ ያዛል። ይህን የማነሳው ቤተሰቦች እንዲያውቁት ነው፤ የታመመ ልጃችሁ ተከሶ ከቀረበ ከዚያ በፊት የታከመበት ካርድና የመድኃኒት ማዘዣ ትልቅ ማስረጃ ነውና አትጣሉት።

ሰንሰለትና ሕክምና

ፍርድ ቤት «ሕሙም ነው» ካለ በኋላ ታማሚው የሚሄድበት ቦታ እንዴት ያለ ነበር? እ.ኤ.አ. በ1814 ቤትለምን የጎበኙ ሰዎች ጄምስ ኖሪስ የተባለ ሰው በአንገቱና በወገቡ ላይ ብረት ተቆልፎበት ከ10 ዓመት ያላነሰ ታስሮ አገኙት። ጉዳዩ በፓርላማ ተመረመረና ብዙዎችን አሳፈረ። እ.ኤ.አ. በ1839 ሐኪሙ ጆን ኮኖሊ ለንደን አጠገብ በሚገኘው ሃንዌል በተባለው ሆስፒታል ሰንሰለትና ማሰሪያን ሙሉ በሙሉ አስቀረ። ሰንሰለት ባይኖርም ሆስፒታሉ እንደማይፈርስ በተግባር አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1863 ደግሞ ወንጀል ለፈጸሙ የአእምሮ ሕሙማን ብቻ የሚሆነው ብሮድሙር ተከፈተ።

ሙስሊሙ ዓለም በዚህ ረገድ የቀደመ ታሪክ አለው። ኑረዲን ዘንጊ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በደማስቆ ያሠሩት ቢማሪስታን፣ ሱልጣን ቀላዉን እ.ኤ.አ. በ1284 በካይሮ ያስጨረሱት አል-መንሱሪ ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማንን ተቀብለው ያክሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1488 በኤዲርኔ በተሠራው የሱልጣን ባየዚድ 2ኛ ሆስፒታል ደግሞ ሕሙማን በወራጅ ውኃ ድምፅ፣ በመልካም ሽታና በዜማ ይረጋጉ ነበር። ነገር ግን በአባቶቻችን ታሪክ ብቻ እየተኩራራን እንዳንቀመጥ ቀሪውንም እንናገር። እነዚያ ተቋማት ወቅፋቸው እየተዳከመ ሲሄድ እነርሱም ሰንሰለት ውስጥ ገቡ። በኢስታንቡል በሱለይማኒያ የነበሩት ሕሙማን ከሰንሰለት እንዲፈቱ የተደረገው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሉዊጂ ሞንጄሪ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ኃላፊነቱን ከተረከበ በኋላ ነው። መልካም ነገር ካልጠበቁት ይጠፋል፤ ትምህርቱ ይህ ነው።

ያኔ መድኃኒት አልነበረም፤ ዛሬ ግን አለ

እንደ መድኃኒት ባለሙያ ይህን ታሪክ ሳነብ ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ አንድ ነገር ነው። የምክናተን አባት ልጁን ወደ ሐኪም ቢወስደው እንኳ ሐኪሙ የሚሰጠው መድኃኒት አልነበረውም። የዘመኑ መድኃኒቶች ኦፒየም፣ ከ1857 ወዲህ ብሮማይድ፣ ከ1869 ወዲህ ክሎራል የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት ነበሩ። እነዚህ ሁሉ ሰውን ያስተኛሉ፣ ያደነዝዛሉ እንጂ «ሊገድሉኝ ነው» የሚለውን ሐሳብ አይነቅሉም።

ይህ የተለወጠው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ የሊቲየምን ጥቅም ገለጠ። እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ በፓሪስ ክሎርፕሮማዚን ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሃሎፔሪዶል፣ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋው ፍሉፌናዚን፣ ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን ተከታትለው መጡ። አላህ (ሱ.ወ) ከእርጅና በስተቀር መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል፤ እንድንታከምም አዘዋል። ታዲያ ምክናተን ያላገኘውን መድኃኒት እኛ እያለን ካልተጠቀምንበት ምን እንላለን?

ስለ እነዚህ መድኃኒቶች ቤተሰብ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ መድኃኒቱ እንደ ራስ ምታት ክኒን በሰዓት ውስጥ አይሠራም፤ ሙሉ ውጤቱ ሳምንታት ይፈልጋል። «ሦስት ቀን ወሰደ፣ አልተሻለውም» ብሎ ማቆም ትልቅ ስህተት ነው። ሁለተኛ፣ ተሻለው ተብሎ በድንገት ማቆም በሽታውን ይመልሳል፤ ብዙውን ጊዜም ከበፊቱ ይብሳል። ሦስተኛ፣ እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች በተጀመሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንዳንድ ሰው ላይ አንገት ማጣመም፣ ምላስ መተሳሰር፣ ዓይን ወደ ላይ መገልበጥ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ጅኑ ተነሳበት!» ብሎ ይደነግጥና መድኃኒቱን ይጥላል። ነገሩ ግን የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ጤና ተቋም ከሄዱ በመርፌ ወይም በክኒን ፈጥኖ የሚለቅ ነው። አራተኛ፣ ኦላንዛፒንና መሰሎቹ የምግብ ፍላጎትን ስለሚጨምሩ ውፍረትና የስኳር በሽታ ሊያመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ለታማሚው ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ማብዛቱ ቀርቶ አትክልት፣ ጥራጥሬና በቂ ውኃ ይሰጠው፤ በእግሩም ይንቀሳቀስ።

ምግብና አእምሮ

ዓምዳችን የአመጋገብም ነውና አንድ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ልጨምር። በሰሜን ጣሊያን ድሆች ገበሬዎች ከዓመት እስከ ዓመት የሚበሉት የበቆሎ ገንፎ ብቻ ነበር። ቆዳቸው ፀሐይ የነካው ቦታ ሁሉ ይቆስላል፣ ተቅማጥ ይይዛቸዋል፣ በመጨረሻም አእምሯቸው ይታወካል። የአካባቢው የአእምሮ ሆስፒታሎች በእነዚህ ሰዎች ተጨናንቀው ነበር። በሽታው ፔላግራ ይባላል። ሐኪሙ ቼዛሬ ሎምብሮዞ በሽታው ከተበላሸ በቆሎ የሚመጣ መርዝ ነው ብሎ ተከራከረ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው እንዳለ፣ ከራስ ቅሉና ከፊቱ ቅርጽም እንደሚታወቅ ጽፏል። በሁለቱም ተሳስቷል። ሰውን በፊቱ ቅርጽ ወንጀለኛ ማለት በደል ሆኖ ቀረ፤ የፔላግራ መንስኤም እ.ኤ.አ. በ1937 እንደተረጋገጠው ኒያሲን የተባለ የቫይታሚን ቢ ዓይነት እጥረት ነበር። ኒያሲን በሥጋ፣ በዓሣ፣ በኦቾሎኒና በጥራጥሬ ውስጥ ይገኛል። ስንት ሰው «እብድ» ተብሎ የተዘጋበት ምግብ አጥቶ ኖሯል ማለት ነው!

ዛሬም «አበደ» ከማለታችን በፊት ሌላ ሕመም አለመኖሩን ማስመርመር ይገባል። የአንጎል ወባ፣ የታይሮይድ ሕመም፣ የቫይታሚን እጥረት፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ፣ ሁሉም አእምሮን ሊያውኩ ይችላሉ።

ስለ ጫትም ዝም ማለት አይገባም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር አእምሮን የሚያነቃቃ ነው፤ እንቅልፍን ይነሳል፤ አብዝቶ በሚቅም ሰው ላይ ጥርጣሬና የሌለ ድምፅ መስማት ሊያመጣ ይችላል። የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ የሚወስደውን መድኃኒት በተቃራኒው ይሠራበታል። ክኒኑን በጠዋት ውጦ ከሰዓት የሚቅም ሰው ቤቱን በአንድ እጁ እየሠራ በሌላው የሚያፈርስ ሰው ነው።

የወለደች እናት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፍርድ ቤቶች ልብ የሚሰብሩት ጉዳዮች የወለዱ እናቶች ጉዳይ ነበሩ። ብሮድሙር ሲከፈት በመጀመሪያ የገቡት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም የገዛ ልጃቸውን ሕይወት ያጠፉ እናቶች ነበሩ። የዘመኑ ሐኪሞች ከወሊድ በኋላ የሚመጣ እብደት እንዳለ ያውቁ ነበር፤ የሕዝብ ዳኞችም ለእነዚህ እናቶች ብዙ ጊዜ ይራሩ ነበር።

ይህ ሕመም ዛሬም አለ። ከ1,000 ወላዶች መካከል በአንዷ ወይም በሁለቷ ላይ ይደርሳል፤ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይጀምራል። አራሷ እንቅልፍ ታጣለች፣ ትቃዣለች፣ ትጠራጠራለች፤ ልጁ የሷ እንዳልሆነ ወይም ክፉ ነገር እንዳለበት ልትናገር ትችላለች። እንዲህ ስትል «ልክፍት ነው፣ አርባዋ ሲወጣ ይለቃታል» ተብሎ መጠበቅ የለበትም። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባት። እናቲቱም ሕፃኑም ለብቻቸው አይተዉ። ደስ የሚለው ነገር በጊዜ ከታከመች አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ትድናለች።

ታማሚ ሁሉ አደገኛ ነውን?

ይህን ሁሉ ታሪክ አንብቦ የአእምሮ ሕሙማንን የሚፈራ ሰው እንዳይኖር እሰጋለሁ። አብዛኞቹ የአእምሮ ሕሙማን በማንም ላይ ጉዳት አያደርሱም፤ ይልቁንም ራሳቸው የሚደበደቡ፣ የሚዘረፉና የሚደፈሩ ናቸው። አደጋው የሚያይለው ሕክምና ሲቋረጥ፣ ጫት፣ መጠጥ ወይም ሌላ ሱስ ሲጨመርበትና ታማሚው አንድን ሰው ስሙን ጠርቶ «እገሌ ሊገድለኝ ነው» ማለት ሲጀምር ነው።

ታማሚ ሰው ዋጋ የሌለው ሰው እንዳልሆነም የብሮድሙር አንድ ታማሚ ይመሰክራል። አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ዊልያም ማይነር ሌሊት ሌሊት ሰዎች ክፍሉ ገብተው የሚያሠቃዩት ይመስለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 ለንደን ውስጥ ጆርጅ ሜሬት የተባለ የልጆች አባት የሆነ ሠራተኛ «ከእነሱ አንዱ ነው» ብሎ ተኩሶ ገደለው። ፍርድ ቤቱ በሕመሙ ምክንያት ወደ ብሮድሙር ላከው። እዚያ ሆኖ ለታላቁ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለሁለት አሥርተ ዓመታት ያህል በሺዎች የሚቆጠሩ የቃላት አጠቃቀም ምሳሌዎችን እየሰበሰበ ላከ። የሟች ሚስትም ወደ ብሮድሙር እየሄደች ትጠይቀው ነበር። ባሏን የገደለው ሰውየው ሳይሆን በሽታው መሆኑን የተረዳች ይመስላል። እንዲህ ያለ ልብ ለማንም ቀላል አይደለም።

ቤተሰብና ጀመዓ ምን ያድርጉ?

1. ምልክቱን ቶሎ ለዩ። እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ ብቻውን መናገር፣ ሶላትና ንጽሕና መተው፣ «ይከታተሉኛል፣ ምግቤ ውስጥ መርዝ አለ» ማለት ሲጀምር አትጠብቁ። የምክናተንን ታሪክ አስታውሱ፤ ለስንት ሰው ነገረ፣ ማንም ግን ወደ ሕክምና አልወሰደውም።

2. ሩቅያና ሕክምና አይጣሉም። በቁርአንና በተፈቀደ ዱዓ ሩቅያ ማድረግ ሱና ነው፤ ነገር ግን ክኒኑን አስጥሎ፣ ደብድቦ፣ አጭሶና አስርቦ «ጅን አወጣለሁ» የሚል ሰው ዘንድ ታማሚን አትውሰዱ። ሩቅያ የሚያደርጉ ዑስታዞችም ታማሚው መድኃኒቱን እንዲቀጥል ቢነግሩት ቃላቸው ከእኛ ቃል ይልቅ ይሰማል።

3. በሰንሰለት አትሰሩ። ኮኖሊ ከ180 ዓመት በፊት ያለ ሰንሰለት የቻለውን እኛ በመድኃኒት ዘመን አንችልም አይባልም። ታማሚው ከተነሳሳ ስለታማ ነገሮችን ከአካባቢው አርቁ፣ አትከራከሩት፣ በረጋ ድምፅ አነጋግሩት፣ ወደ አቅራቢያው ሆስፒታል ውሰዱት። የአእምሮ ሕክምና ዛሬ በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን በክልል ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ይሰጣል።

4. መድኃኒቱን አንድ ሰው ይያዝ። በመድኃኒት ቤት መስኮት የምናየው ችግር ይህ ነው፤ ወንድም ያለፈውን ወር ወሰደ፣ እህት የዘንድሮውን ረሳች። ከቤተሰብ አንድ ሰው ተመድቦ ሰዓቱንና ቀጠሮውን ይከታተል።

5. ረመዳን ሲመጣ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። አንዳንዱ መድኃኒት ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ሰዓት ሊዛወር ይችላል። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ግን በውኃ ጥም ምክንያት መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ በዝቶ ሊመርዘው ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር እንዳይጾም። አላህ (ሱ.ወ) ለታመመ ሰው ሩኅሳ ሰጥቷል።

6. ጀመዓው አያግልል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ 5ኛ አንቀጽ ገንዘባቸውን ማስተዳደር የማይችሉትን ሰዎች በተመለከተ እንድናበላቸው፣ እንድናለብሳቸውና መልካም ንግግር እንድንናገራቸው አዟል። ሦስቱም በእጃችን ያሉ ነገሮች ናቸው። በመስጊድ በር ላይ የሚቀመጠውን ታማሚ ልጆች በድንጋይ ሲመቱት አባቶች ይገሥጹ። የታማሚ እናትም «እገሌን ያሳበደችው እሷ ናት» ከሚል ሐሜት ትዳን።

7. ጉዳት ከደረሰ ደግሞ ሁለቱም ወገን ይታሰብ። የታማሚ ቤተሰብ «እብድ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ፤ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ይካስ። የተጎጂ ቤተሰብም በቀልን ትቶ ጉዳዩን ለሕግና ለሽማግሌ ይስጥ።

ውድ አንባቢያን፣ ብዕሩ ከታማሚው ላይ ተነስቷል፤ ከእኛ ላይ ግን አልተነሳም። ታማሚው ስላደረገው አይጠየቅ ይሆናል፤ እኛ ግን ስላላሳከምነው፣ ስላሰርነውና ስለሸሸነው እንጠየቃለን። አላህ (ሱ.ወ) ሕሙማኖቻችንን ሁሉ ይማርልን፣ ለአስታማሚዎቻቸውም ሶብርና አጅር ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ።